የእናቴ የእግር ጣቶች

ስልኬ ላይ አንድ ሰውዬ አለ። አረንጓዴ ሣር ላይ ቆሞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ እግር እንዴት እንደሚጠነክር ያስተምራል። አውራ ጣቱን ብቻ ያነሳና አራቱን መሬት ላይ ይተዋቸዋል፤ ቀጥሎ አራቱን አንስቶ አውራ ጣቱን ያስቀራል። ጥሩ አስተማሪ ነው፣ ከእሱ ብዙ ተምሬያለሁ። ግን ትምህርቱን ሁልጊዜ የሚጨርሰው በአንድ ምክር ነው። ጫማችሁን አውልቁ፣ አፈሩን በባዶ እግራችሁ ርገጡ፣ እግራችሁ የተፈጠረው ለዚህ ነው ይላል። ይህን ሲል ስልኩን ከግድግዳ ጋር ማላተም ያምረኛል።

እናቴ አፈሩን በባዶ እግሯ ረግጣዋለች። ገሱባ አጠገብ ተወልዳ፣ እዚያው አግብታ፣ ቀዩን አፈር ዕድሜዋን ሙሉ ስትረግጥ ኖራለች። ሲዘንብ በጣቶቿ መሃል እየገባ፣ ሲደርቅ ተረከዟን እየሰነጠቀ። የእኛ አፈር የዚያ ሰውዬ ሣር አይደለም። ዓይን የማያየው ደቃቅ ነገር አለበት፤ በቆዳ ዘልቆ ይገባና ከብዙ ዓመት በኋላ እግርን ያሳብጣል። ዝሆኔ የሚሉት እሱን ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አንዳንዱ ቤተሰብ ላይ ይበረታል፣ እውነት ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ለብሶ፣ ታጥቦ ያደገ ሰው ግን ይተርፋል። ሐኪም አይደለሁም። ሶዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ይህን ያወቅሁት በማንበብና በመጠየቅ ነው፤ ስጠይቅም የገባኝ እስኪመስለኝ ሳይሆን እስኪገባኝ ድረስ ነው።

አባታችን ካረፈ በኋላ እናቴን ከገጠር አምጥቻት ዳሞታ ተራራ ግርጌ በተከራየሁት ቤት ከእኔና ከታናሽ እህቴ ጋር መኖር ጀመረች። ስትመጣ ግራ እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር። በርጩማ ላይ ስትቀመጥ እግሯን ከቀሚሷ ሥር ስባ ታስገባዋለች፤ ሰው ሲገባ ደግሞ ከበርጩማው ሥር። ይህን ያስተማራት ማንም ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚወዷት ነበሩ። «ተቀመጪ»፣ «አታንቀሳቅሺው»፣ «ከነካካሽው መርዙ ይነቃል» ይሏታል። አንዷ የእባብ መንገድ ረግጠሽ ነው ትላለች፣ ሌላዋ ምች ነው ትላለች፤ አትንቀሳቀሺ በሚለው ግን ሁሉም ይስማማሉ። ለምን እንደሚስማሙ ቆይቶ ገባኝ። የማይንቀሳቀስ እግር ሰው አያየውም። ለእሷ ያዘኑ እየመሰላቸው ደብቀዋት ኖሩ፤ እግሯም በተደበቀበት እንደ ሳንቃ ደረቀ። ቁርጭምጭሚቷ አይታጠፍም። ጣቶቿ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ የቱ የት ላይ እንደሚያልቅ አይለይም ነበር።

በየሳምንቱ እንዲህ ዓይነት እግር ወደሚታይበት አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷ እግሯን ውኃ ውስጥ ከታ ካጠበቻት በኋላ፣

«በይ አሁን ጣትሽን አንቀሳቅሺ» አለቻት።

እናቴ ሳቀች። «ጣቴን? የጠራሽኝ ለጭፈራ ነው?»

«ሞክሪው እስቲ።»

እናቴ ጎንበስ ብላ ጣቶቿን ትክ ብላ አየቻቸው። ፊቷ ሲጨማደድ፣ ግንባሯ ሲወጠር አየሁ። ጣቶቿ ግን ንቅንቅ አላሉም።

«እምቢ አሉኝ» አለች።

«ልጆችሽም እንዲህ ናቸው?»

«ልጆቼ እንኳ ከእነዚህ ይሻላሉ።»

ነርሷና እናቴ ሲሳሳቁ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ለዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው እንኳ ጣትሽን አንቀሳቅሺ አላላትም ነበር። አንድ ሰው! ነገሩ ገንዘብ አይጠይቅ፣ መድኃኒት አይጠይቅ።

ከዚያ በኋላ የእኛ ቤት ማለዳ ሌላ ሆነ። መጀመሪያ እጥበቱ ነው፤ ሳሙና፣ ከዚያ ጥቂት በረኪና ጠብ የተደረገበት ውኃ፣ ከዚያ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ቫዝሊን። ይህ ከሌለ እንቅስቃሴው ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ይህን የምጽፈው ለሚያነብ ሰው እንዳይምታታበት ነው። ቀጥሎ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጥና ሁለቱንም እግሯን መሬት ታስነካለች። ጣቶቿን እንደ ማራገቢያ ለመክፈት ትሞክራለች። በመጀመሪያ እኔ በእጄ እከፍትላት ነበር፤ በቀስታ፣ ከትንሿ ጣት ጀምሬ። ከዚያ ቁርጭምጭሚቷን ወደ ውጭ ታዞራለች፣ ወደ ውስጥ ታዞራለች። ከዚያ ወለሉ ላይ ፎጣ ይዘረጋል፤ ተረከዟን ሳታነሳ ፎጣውን በጣቶቿ እየቆነጠጠች ወደ ራሷ ትስበዋለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጣቱን ብቻ ጨብጦ ይጎትታል፤ የእግሩን መሃል ግን አይሠራበትም። ጣቱ ሲጨብጥ የውስጥ እግሩ ቅስት ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ከፍ ካላለ ፎጣው ቢመጣም እግሩ ምንም አልሠራም።

እህቴ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ መምህርት ናት። ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ከእናቴ ጋር ፎጣ በመሳብ ይፎካከራሉ።

«እማ፣ በእግርሽ ነው ወይስ በጥርስሽ ነው የምትስቢው?» ትላታለች፣ እናቴ ጥርሷን ነክሳ ስትታገል።

«አንቺ ሳቂ። ባል ስታገቢ ፎጣ መሳብ ያስፈልግሻል።»

«ምን ያደርግልኛል?»

«ብርድ ልብሱን ይዞብሽ ሲተኛ።»

መጨረሻ ላይ አጥሩን ይዛ ትቆምና ተረከዟን ታነሳለች። ቀስ ብላ ትነሳለች፣ ይበልጥ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ሥራው ያለው ሲወርድ ነው። ቶሎ ብሎ የሚወድቅ ተረከዝ የጥቅሙን ግማሽ ይጥለዋል። ባት ሲጠብቅና ሲላላ እግር ውስጥ የቆመውን ፈሳሽ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ እንደ ፓምፕ ማለት ነው።

ግቢያችንን የምትጋራን ጎረቤት አንድ ቀን አይታት፣ «እንዴ እናት፣ በዚህ ዕድሜሽ ልትጨፍሪ ነው?» አለቻት።

«አዎ፤ ለልጅሽ ሰርግ እየተለማመድኩ ነው» አለች እናቴ።

ሴትዮዋ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ግን የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን ከጋራው የቧንቧ ቦታ አንስታ ወደ ቤቷ አስገባችው። የልጇን ነጠላ ጫማም ከእናቴ ጫማ አጠገብ አንስታ ወሰደች። ከዚያ በፊት ሁሌ እዚያው ነበር የሚያድረው። እናቴ አየች፤ በማግስቱም ተረከዟን ማንሳቷን ቀጠለች። ዝምተኛ ነህ ይሉኛል። ዝም የምለው የምናገረው አጥቼ አይደለም፤ አፌን ከከፈትኩ የማልመልሰው ስለሚመስለኝ ነው።

ክረምቱ አልፎ በጋ ሲገባ ጣቶቿ ተለያዩ። መጀመሪያ ትንሿ፣ ቀጥሎ ከአጠገቧ ያለችው። እብጠቱ ጎደለ እንጂ አልጠፋም። አንድ ጫማ ሰፊ ሰፋ ያለ ጥቁር ጫማ በልኳ ሠራላት። በዚያ ጫማ ገበያ ትሄድ ጀመር።

በዚያ ሰሞን ነው እህቴ የምትወደው ልጅ ሽማግሌ እልካለሁ ያለው። ልጁ እዚሁ ሶዶ አስተማሪ ነው፤ ቤተሰቦቹ በዴሳ የምትባል ከተማ ነው የሚኖሩት። አባቱ የእህል ነጋዴ ናቸው። እኛ ጋ ሽማግሌ ሲመጣ ሴት ልጅ ብቻ አይጠይቅም፣ ዘር ይጠይቃል። በአባት በኩል ማን፣ በእናት በኩል ማን፣ በሽታስ አለ ወይ ይላል። ይህን ስለሚያውቅ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎታችን፣ እሁድ ከቸርች እንደወጣ እኛ ቤት መጣ። ጎደሬውን በዳጣ እያጠቀሰ ከበላ በኋላ እጁን ጠረገና፣

«እቴ፣ ሽማግሌዎቹ የሚመጡ ቀን ገሱባ ብትውዪ ምን ይመስልሻል?» አላት።

«ገሱባ ምን አለኝ?»

«እንዲያው ዘመድ ጥየቃ። እኔ እናቷን ወክዬ እቀመጣለሁ።»

እህቴ ሣህን ይዛ ቆማ ነበር። «አጎቴ፣ አንተ እናቴ ነህ?» አለችው።

«ልጄ፣ ለአንቺ ብዬ ነው። ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። ደማቸው ውስጥ አለ ይላሉ። ከተጋባችሁ በኋላ ቢያዩ ምን ያመጣሉ?»

«ማለት አጭበርብረን እንዳርላቸው?» አልኩት። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ።

«አንተ ደግሞ ዝም ስትል ነው የሚያምርብህ።»

«አንተ ስትናገርም አያምርብህም።»

«ተው!» አለች እናቴ። ለእኔ ነበር። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ስትወለድ ያዘልኩህ በዚህ እግር ነው። ያኔ አላፈርክበትም።»

አጎቴ አለቀሰ። በእውነት አለቀሰ። ይህም አናደደኝ። እሱን እያባበለች እሷ ልትሄድ እንዳትስማማ ፈራሁ፤ የሚያለቅስን ሰው አባብላ የፈለገውን ሁሉ የምትሰጥ ሴት ናት። በዚህ ግን አልሰጠችም። «እኔ ቤቴ ነው የምውለው» ብላ ዘጋችው።

ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ከሁሉም በፊት አጎቴ ደረሰ። ጋቢ ይዞ መጥቶ ብርድ ነው በሚል ሰበብ እናቴን ከወገቧ በታች ሸፈናት። ብርድ አልነበረም። የልጁ አባት፣ ሦስት ሽማግሌዎችና ልጁ ራሱ ገብተው ሰላምታ ሲሰጡ እናቴ ጋቢውን ወደ ጎን አድርጋ ቆመች። በሁለት እግሯ ቆማ እያንዳንዳቸውን ጨበጠች። የልጁ አባት እጇን እንደያዙ ዓይናቸው ወደ ታች ወረደ። ጫማው ሰፊ ነው፤ ከጫማው በላይ ያለው ፋሻ በካልሲ ቢሸፈንም ያስታውቃል። ሰውዬው ሲቀመጡ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡት። ብዙ አይደለም፤ አንድ ክንድ ያህል። እኔ ግን አየሁ። እግራቸውንም ከምንጣፉ ላይ አንስተው ሲሚንቶው ላይ አደረጉ። አንቱ የምላቸው ያደግሁበት ወግ ስለሆነ ነው እንጂ፣ የዚያን ቀን በልቤ ሌላ ነበር የምላቸው።

ምግብ ቀረበ። ሽማግሌዎቹ በሉ። እሳቸው ጾም ላይ ነኝ አሉ። ልጃቸው ቀና ብሎ አያቸውና አንገቱን ደፋ። ጾም ላይ አልነበሩም።

አንደኛው ሽማግሌ በትሕትና፣ «እንግዲህ እንደ ወጉ ነው፤ በቤቱ የሚታወቅ ሕመም…» ብለው ሲጀምሩ እናቴ አላስጨረሰቻቸውም።

«የእኔ እግር ያብጣል። አፈር ነው ያሳበጠው። ልጄ ጫማ ለብሳ ነው ያደገችው፤ እግሯን ማየት ከፈለጋችሁ ትውጣና እዩ።»

አጎቴ ጣራ ጣራውን ያያል። ሽማግሌዎቹ ጸልየው፣ መልስ እንልካለን ብለው ሄዱ።

መልሱ የመጣው በአንዱ ሽማግሌ አፍ ነው። ልጅቷን ወደዋታል፤ ቤቱንም አክብረዋል፤ ጋብቻው ይሁን ብለዋል። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ አለች። ሰርጉ ዕለት እናትየዋ ከፊት ባትቀመጥ፣ ከተቻለም ቸርች ባትመጣና ቤት ሆና ልጇን ብትመርቅ። ለሰው አፍ ሲባል ነው። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ትንሽ ነገር የሚለውን ሦስቴ ደጋገሙት።

«በቃ፣ ቀርቷል» አለች እህቴ።

«ምኑ?» አለች እናቴ።

«ጋብቻው።»

እናቴ እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። «በእኔ እግር ሰበብ? ነገ ልጅቷ በእናቷ እግር ሳታገባ ቀረች ሊባል ነው? የእኔን እግር ለምንም ነገር ምክንያት አታድርጊው! እነሱም አያድርጉት፣ አንቺም አታድርጊው!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አንቺ ምንም አታድርጊ።» ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «አንተ፣ ነገ ሥራ አትሄድም።»

በማግስቱ እግሯን አጥባ፣ ልምምዷን እንደ ሌላው ቀን ሠርታ፣ በሚኒባስ ወደ በዴሳ ሄድን። መናኸሪያው በር ላይ ሞተረኞቹ፣ «እማማ ነይ ሞተሩ ላይ ውጪ፣ በዚህ እግር አትሂጂ!» እያሉ ከበቡን።

«በዚህ እግር ልሄድ ነው የመጣሁት» አለቻቸው።

አልቸኮለችም። ተረከዟን ታስቀድማለች፣ ከዚያ የውጭ ጎኑን፣ ከዚያ በጣቶቿ መሬቱን ገፍታ ትነሳለች። ከአንድ ዓመት በፊት እግሯን እንደ ግንድ አንስታ ነበር የምትጥለው። ከኋላዋ እየሄድኩ ይህን ሳይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የሄድንበትን ጉዳይ ሳስብ ግን ደሜ ይፈላል።

የልጁ አባት መጋዘናቸው ፊት የበቆሎ ጆንያ ያስጭኑ ነበር። ሲያዩን ደነገጡ። እናቴ በወላይትኛ ነበር የተናገረችው፤ እኔ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

«ቤቴ መጥተህ ቆሜ አየኸኝ። ዛሬ ስራመድ እየኝ ብዬ መጣሁ።»

«ነይ ግቢ እንጂ፣ ደጅ ላይ…»

«እዚሁ ይበቃኛል። ልጅህ ልጄን ካልፈለጋት ራሱ ይናገር። ከፈለጋት ግን ልጄን ስድር የት እንደምቀመጥ አንተ አትነግረኝም።»

«እኔ ምን አለኝ፣ የሰው አፍ ነው እንጂ።»

«ሰው ማለት ማነው? አንድ ሰው ጥራልኝ፤ ሄጄ አናግረዋለሁ። መንገዱን እችለዋለሁ።»

ጆንያ ተሸካሚዎቹ ቆመው ያዳምጣሉ። ሰውዬው ዘወር ዘወር አሉ፤ አንድም ሰው መጥራት አልቻሉም። በዚህ መሃል ሚስታቸው ከቤት ወጡ። ውኃ በኩባያ ይዘዋል። እኔ ለይተው ያስቀመጡት ይሆን ብዬ ኩባያውን አየሁ፤ እሳቸው እናቴን ሳይሆን የእናቴን ጫማ ነው የሚያዩት። ውኃውን ሰጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«እኅቴ፣ በምንድን ነው የምታጥቢው?» አሏት።

«ምን አልሽኝ?»

«እግርሽን። ጣቶችሽ ተለያይተዋል አለኝ ልጄ። ታነቃንቂያቸዋለሽ አለኝ።»

ባልየው «አንቺ!» ብለው ጮኹባቸው። ሴትዮዋ ግን ጀምረዋልና አላቆሙም። የራሳቸው የሴትዮዋ ታላቅ እህት ከእንሰቱ ጀርባ ባለች ጎጆ ውስጥ ናት። እግሯ ካበጠ ጀምሮ ቸርችም ገበያም ወጥታ አታውቅም። ሰው ሲጠይቅ ሻሸመኔ ዘመድ ጋ ሄዳለች ይላሉ።

ያኔ ምን እንደተሰማኝ በትክክል ልጻፈው። ጆሮዬ ጮኸ። እኛ ቤት መጥቶ ወንበሩን ወደ ኋላ የሳበው ሰው፣ የሌለ ጾም የጾመው ሰው፣ በግቢው ውስጥ ሰው ደብቆ ነበር የመጣው። አንድ እርምጃ ወደ እሳቸው ተራመድኩ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ሰውዬውን ዞራም አላየቻቸው።

«ወዴት ናት? ውሰጂኝ» አለች ሴትዮዋን።

ሁለቱ ወደ ጓሮ ሄዱ። እኔና ሰውዬው ጆንያው አጠገብ ቆመን ቀረን። ወደ ጓሮው ዘወር ብለው አዩና፣ «እናትህ ደስ ያላት ቦታ ትቀመጥ። እኛ ተቃውሞ የለንም» አሉኝ። እጃቸውን ዘረጉ። አልጨበጥኳቸውም። እስከ ዛሬም አልጨበጥኳቸውም። እህቴ በዚህ ትቆጣኛለች፤ ትቆጣ።

ሰርጉ ተደረገ። እናቴ ቸርች ውስጥ ከፊት መስመር፣ ልክ በመተላለፊያው ጠርዝ ተቀመጠች፤ ጥቁሩ ጫማዋ ተወልውሎ ያበራል። አጎቴ ከአጠገቧ ተቀምጦ ሰው ሁሉ እንዲያየው ክንዷን ይዞ ነበር። ከሙሽራው ወገን በኩል ያለውን ወንበር ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። ከእንሰቱ ጀርባ የተደበቀችውን፣ እግሯ ያበጠ ሴት ፈለግሁ፤ የለችም። ግብዣው ላይም የለችም። የሙሽራውን እናት ጠጋ ብዬ፣ «እህትዎስ?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ሰበሩ። «ቤቱን ማን ይጠብቅ ብለን ነው» አሉ።

ለእናቴ ነገርኳት። እጇ ላይ ያለውን ጉርሻ ሣህኑ ላይ መለሰችው። ሙዚቃው ይጮኻል፣ ሰው ይጨፍራል።

«ነገ በዴሳ እሄዳለሁ» አለችኝ።

«አብሬሽ እመጣለሁ።»

«አንተ አትምጣ። ይህን ፊትህን ካየች ትሸሻለች።»

«በየትኛው እግሯ ነው የምትሸሸው?»

«እሱን ነው ሄጄ የማስተምራት» አለች።

ብቻዋን ሄደች፤ አሁንም በየሳምንቱ ትሄዳለች። እኔ በዴሳ አልሄድም። ሰውዬው ሶዶ ለጉዳይ ሲመጡ ፎቶ ኮፒ ለማስነሳት አንዳንዴ እኔ የምሠራበት ቤት ይገባሉ። ወረቀታቸውን ተቀብዬ፣ አስተካክዬ፣ እጃቸውን ሳልጨብጥ እመልስላቸዋለሁ።